14 ዓመት የተኛችውን ቮልስ ገፍታችሁ አታስነሷት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አባቴ አስተማሪ ነበር፣ 1300 ቮልስ ነበረችው። ሊብሬዋ ላይ የተሠራችበት ዓመት በፈረንጆች 1966 ይላል። እሱ ካረፈ ወዲህ ማንም ነድቷት አያውቅም። ግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ ሥር 14 ዓመት ቆማለች። ጎማዎቿ ተኝተዋል፣ ታንከሯ ውስጥ ቤንዚን አለ። አዲስ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ገዝቼ ቁልፉን ሳዞር «ጧ» ብላ ትቀራለች። የሰፈር ልጆች በሁለተኛ ማርሽ ገፍተን እናስነሳት ይላሉ። አንድ መካኒክ በካንዴላው ቀዳዳ ናፍጣ አፍስሰህ አሳድራት አለኝ። ሌላው ሞተሩ ነክሷል፣ ወርዶ ይፈታ ባይ ነው። ጎረቤታችን ደግሞ ራዲያተሩን ውሃ ሙላ አለኝ፣ ራዲያተሩን ግን ፈልጌ አጣሁት። ለትንሣኤ ራሴ ነድቻት አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ መግባት እፈልጋለሁ። ማንን ልስማ?

ምላሽ፦ መጀመሪያ ቁልፉን ንቀል። ከዚያ ባትሪውን ፍታና ከመኪናዋ አውጣው። የጠየቅከኝ ስለ ሞተሩ ነው፣ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ባትሪው ነው።

በ1966 የተሠራች 1300 ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ ባለ 6 ቮልት ነበረች። 12 ቮልት በአብዛኞቹ ላይ የገባው ከ1967 አጋማሽ በኋላ ነው። አባትህ አስቀይረዋት ሊሆን ይችላል። የ6 ቮልት ባትሪ እንደ ልብ ስለማይገኝ ብዙ ሰው አስቀይሯል። በግምት ግን አትሂድ። አንድ የፍሬቻ አምፖል ንቀልና ብረቱ ላይ የተጻፈውን አንብብ። 6 ቮልት የሚል ከሆነ እስካሁን በእጥፍ ጉልበት ስትደበድባት ነበር ማለት ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንድ ሁለቴ ይችለው ይሆናል። አምፖሎቹና ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው ቦቢና ግን አይችሉትም። የ6 ቮልት ዲናሞም ባለ 12 ባትሪ አይሞላም።

ባትሪው የሚቀመጥበትን ቦታም ልብ በል። ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። የወንበሩ ስፕሪንግ ራቁቱን የሆነ ሽቦ ነው፣ የወንበሩ ሙሌት ደግሞ እንደ ጭድ የደረቀ ነገር ነው። ረዘም ያለ ባትሪ አስገብተህ ሁለት ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ስፕሪንጉ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ይነካል። ከዚያ በኋላ ያለው እሳት ነው። የባትሪው ጫፎች ላይ የጎማ ክዳን ሳይደረግ ወንበሩ እንዳይመለስ።

የጎረቤትህን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ራዲያተር ያጣኸው ስለሌላት ነው። ቮልስ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ዲናሞው ጫፍ ላይ ያለው ማራገቢያ ነፋሱን ስቦ በቆርቆሮው ውስጥ ወደ አራቱ ሲሊንደሮች ያወርደዋል። ውሃ የሚሞላ የለም። ይህ ማራገቢያ ግን ኋላ ሌላ ጣጣ ያመጣብናል፣ እንመለስበታለን።

ወደ ግፊያው እንምጣ። ገፍቶ ማስነሳት ትናንት ስትነዳ ለዋለች፣ ዛሬ ባትሪ ለደከመባት መኪና ነው። ያንተዋ እንዲያ አይደለችም። «ጧ» ብላ መቅረቷ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሞተሪኖው ራሱ ዝጎ ደርቋል፣ ወይ ሞተሩ ተጣብቆ አልዞርም ብሏል፣ «ነከሰ» የሚባለው ይኸ ነው። ሞተሪኖ አቅሙ ውስን ነው፣ ሲያቅተው ይቆማል። ግፊያ ግን አይቆምም። ስድስት ጎረምሳ 800 ኪሎ የምትጠጋ መኪና ገፍቶ አንተ ፍሪሲዮኑን ስትለቀው፣ ያ ሁሉ ክብደት በጎማዎቹ፣ በካምቢዮው አልፎ ፒስተኖቹ ላይ ያርፋል። የፒስተኑ ቀለበት ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተጣብቆ ከሆነ ይሰበራል። ስባሪው ደግሞ ሲሊንደሩን እየፋቀ ይወርዳል። በ50 ሚሊ ሊትር ዘይት የሚፈታ ነገር ሙሉ የሞተር ሥራ ይሆናል።

ሞተሩ ባይነክስ እንኳ ግፊያ ጥሩ አይደለም። በ14 ዓመት ውስጥ ዘይቱ ከየብረቱ ላይ ተንጠፍጥፎ ወርዷል። ገፍተህ ካስነሳኸው ሞተሩ የመጀመሪያዎቹን ሰኮንዶች የሚዞረው ብረት በብረት ላይ ነው። ዘይቱ ደርሶ እስኪያለሰልሰው የሚጠብቀው ሰው የለም። ጎረምሶቹ እያጨበጨቡ፣ አንተ ደስ ብሎህ ነዳጅ እየረገጥክ፣ ውስጡ ይበላል።

ቆሞ የኖረ ሞተር ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገርህ፣ ቀሪው ሥራ ከዚህ ነው የሚመጣው። ሞተር የትም ላይ ይቁም፣ ከአራቱ ሲሊንደሮች የአንዳንዶቹ ቫልቭ ከፈት ብሎ ይቀራል። በዚያ በኩል ከማርሚታው ወይም ከካርቡሬተሩ አየር ይገባል። ደብረ ማርቆስ ላይ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀን ፀሐይ ሲወጣ ቆርቆሮው ያላባል። ያ እርጥበት 14 ክረምት ሙሉ እዚያች ክፍት ሲሊንደር ውስጥ ሲመላለስ ኖሯል። ስለዚህ «ነከሰ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ አራቱም ሲሊንደር አይደለም። አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው። ሌሎቹ ንጹሕ ሆነው ታገኛቸዋለህ።

ናፍጣ አፍስስ ያለህ መካኒክ ግማሹን እውነት ይዟል። ዝገት ውስጥ ሰርጎ የሚገባ ቀጭን ፈሳሽ ያስፈልጋል። ናፍጣ ግን ቅባቱ ደካማ ነው፣ ብቻውን አይሆንም። እኩል የካምቢዮ ዘይት (ለአውቶማቲክ የሚሆነው ቀይና ቀጭኑ) እና አሴቶን ደባልቀው የሚጠቀሙ አሉ፣ እኔም እሱን እመርጣለሁ። አሴቶን ካጣህ ናፍጣና ቀጭን ዘይት ይበቃሃል። አሴቶን ቤንዚን ያህል ተቀጣጣይ ነውና ከቤት ውጭ ደባልቀው። እናቶች ቡና የሚያፈሉበት ከሰል አጠገብ አይሁን።

እሱ ያልነገረህ ዋናው ነገር ግን ይኸ ነው። የቮልስ ሲሊንደር እንደ ሌላው መኪና ቆሞ አይደለም፣ ተጋድሞ ነው። እንደ ቶዮታ ብታፈስበት ፈሳሹ በሲሊንደሩ ሆድ ላይ ይተኛል፣ የላይኛው ግማሽ ደርቆ ይቀራል። ዝገቱ ደግሞ ከላይም አለ። ስለዚህ ማፍሰስ ብቻ አይበቃም። ጫፉ ጎንበስ ያለ ቀጭን ቱቦ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተህ ወደ ላይ እየረጨህ ግድግዳውን ዙሪያውን አርጥበው። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣ ለአራትና ለአምስት ቀን። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በአንድ ጊዜ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ባልዲ አያስፈልግህም። ትርፉ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ለዚህ ነው ከማስነሳትህ በፊት ዘይቱን የምትቀይረው።

ካንዴላዎቹን ስትፈታ እጅህ ይረጋ። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ራስ) አልሙኒየም ነው፣ ካንዴላው ብረት ነው፣ 14 ዓመት ተያይዘው ኖረዋል። መጀመሪያ ዙሪያውን በነፋስ ወይም በብሩሽ አጽዳ። ከዚያ ሩብ ዙር ፍታ፣ ዘይት ጠብ አድርግ፣ መልሰህ ጥቂት አጥብቅ፣ እንደገና ፍታ። እየጮኸ ከወጣ ጥርሱን ይዞት ይወጣል። ካንዴላዎቹን በቦታቸው ቅደም ተከተል ደርድራቸው። የዛገው ካንዴላ የትኛው ሲሊንደር ውስጥ ችግር እንዳለ ይነግርሃል።

አሁን በእጅ ማዞር። ማርሹን ነፃ አድርግ። ከሞተሩ ኋላ በታች ያለውን ትልቁን ፑሊ ብሎን በ30 ቁልፍ ያዝ። ዲናሞው ላይ ባለው ዳዶ ማዞር የለመዱ አሉ፣ ለጠጣር ሞተር ግን አይሆንም፣ ችንጋው ይንሸራተታል። ወደ ቀኝ፣ በሰዓት ቆጣሪ አዟዟር ግፋ። በክንድህ ጉልበት ብቻ። አልንቀሳቀስ ካለ ጥቂት ወደ ግራ ሞክር፣ መልሰህ ወደ ቀኝ። ሁለት ጣት ያህል ከተንቀሳቀሰ ድል አድርገሃል። አትቸኩል፣ እዚያው ወዲያ ወዲህ አድርገው፣ እርጨው፣ ለነገ ተወው። በየቀኑ ዙሩ እየሰፋ ይመጣል።

ቧንቧ አስረዝመህ አትምጣበት። ይህን የምልህ ስላደረግኩት ነው። ልጅ መካኒክ ሳለሁ አንዲት ቮልስ ሁለት ቀን ብቻ ዘይት አሳድሬባት፣ ደንበኛው ስለቸኮለ የውሃ ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክቼ ከረዳቴ ጋር ተንጠለጠልንበት። ዞረ። እኛም ጮቤ ረገጥን። «ቀጭ» ያለውን ድምፅ ሁለታችንም ሰምተናል፣ ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆንን። ስትነሳ ጭሷ ሰፈር አለበሰ። ስንፈታት የ2ኛው ፒስተን ሁለት ቀለበት ሦስት ቦታ ተሰብሮ፣ ሲሊንደሩ በጥፍር የተቧጨረ ይመስል ነበር። አዲስ ፒስተንና ሲሊንደር ከኪሴ ገዛሁ። አምስት ቀን መጠበቅ ምንም አያስከፍልም ነበር።

በእጅህ ሙሉ ሁለት ዙር ከዞረ ሞተሩ አልነከሰም። ሞተሩ ይውረድ ያለህን መካኒክ አመስግነህ ሸኘው። የቮልስን ሞተር ማውረድ ከባድ አይደለም፣ ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ቀላል መሆኑ ግን አስፈላጊ አያደርገውም። ዞሮ የሚሠራ ሞተር ተፈትቶ ሲገጠም የሚጠፋው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እና የሚበላሸው ጥርስ ብዙ ነው። አንድ ሳምንት ረጭተህ፣ በክንድ ጉልበት ሞክረህ፣ ፀጉር ታህል ካልተንቀሳቀሰ ግን ሰውየው ትክክል ነው፣ ይውረድ። ያኔም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀየረው የተያዘው ሲሊንደርና ፒስተን ነው። በቮልስ እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው ስለሆነ ይህ ይቻላል።

ወደ ማራገቢያው ልመለስ። ከዓመታት በፊት አንዲት ቮልስ ከቢቸና በኢሱዙ ተጭና መጣችልኝ። ጎተራ አጠገብ ነበር የኖረችው። ሞተሩ በእጅ ዞረ፣ ዘይት ቀየርን፣ ተነሳች። እንደ ስፌት መኪና ነበር ድምፅዋ። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳትቆይ ግቢው ቆሎ ቆሎ ሸተተ። ጎረቤት ቆሎ የሚቆላ መስሎኝ ነበር። ሽታው ሲከር ነው ያጠፋኋት። የማራገቢያውን ቆርቆሮ ስናነሳ የአይጥ ጎጆ ነው፣ የጤፍ ጭድ፣ የተበጫጨቀ ደብተር፣ ከመሐሉ አንድ እፍኝ ሽምብራ። ሽምብራው በ3ኛው ሲሊንደር ላይ ተቆልቷል። በዚያ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው ቆርቆሮው ውስጥ በግራ በኩል ስለሚቆም ለ3ኛው ሲሊንደር የሚደርሰው ነፋስ ድሮውንም ያነሰ ነው። ጎጆ ሲጨመርበት አለቀለት። ስለዚህ በባትሪ መብራት በማራገቢያው በኩል ወደ ውስጥ እይ፣ በሽቦ ጎርጉር። ጭድ ከመጣልህ ቆርቆሮው ይነሳ። የማርሚታውንም ጫፍ እይ፣ ተርብ ጭቃ ሠርቶበት ይሆናል። የገመዶቹን ሽፋንም አይጥ ይበላል። ዶሮ እንቁላል ጥላባት ብታገኝ ያ ያንተ ነው።

ዘይቱን ቀይር። ከሆዷ መሐል ያለውን ብሎን ፍታና ይውረድ። ቀድሞ ውሃ ጠብ ካለ አትደንግጥ፣ የ14 ዓመት ላብ ነው። ከዚያ ክቡን ክዳን የያዙትን ስድስት ትናንሽ ዳዶዎች ፈትተህ ወንፊቱን አውጣ። ይህች መኪና የዘይት ፊልትሮ የላትም፣ ያላት ይህ ወንፊት ብቻ ነው። በቤንዚን እጠበው፣ አዲስ ጓርኒሲዮንና አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ግጠም። ዳዶዎቹን አታጥብቃቸው፣ ቶሎ ጥርሳቸውን ይበላሉ። የምትይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ተራ 30 ቁጥር ወይም 20-50 ይሆናታል። ውድ ዘይት አሁን አትግዛ፣ በቅርቡ መልሰህ ታፈሰዋለህ።

ታንከሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን አዲስ ጨምረህበት አትጠቀም። ቤንዚን ሲያረጅ ቀላሉ ክፍል ይተናል፣ የቀረው እየወፈረ እንደ ቫርኒሽ ይሆናል። አሽትተው፣ ራስህ ትለየዋለህ። በዚያ ላይ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፣ አንዲት የዝገት ፍርፋሪ ትዘጋዋለች። ለመጀመሪያው ቀን ታንከሩን ጭራሽ እርሳው። በንጹሕ ትንሽ ጄሪካን አንድ ሊትር አዲስ ቤንዚን ይዘህ ቱቦውን በቀጥታ ወደ ፖምፓው ስጥ። ካርቡሬተሩን አስቀድመህ ፈትተህ እጠብ። ታንከሩ ወርዶ የሚታጠበው ሞተሩ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

የቤንዚን ቱቦዎችን ግን አሁኑኑ፣ ሁሉንም ቀይር። አሮጌው ቱቦ ላዩ ክር የተሸመነበት ስለሆነ ጤነኛ ይመስላል። ጎንበስ ስታደርገው ውስጡ እንደ ደረቀ እንጀራ ይሰነጠቃል። በየጫፉ ማጥበቂያ ፋሼታ ይደረግ። ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበትን የነሐስ ቱቦም ያዝና ነቅነቅ አድርገው። በግፊት ብቻ የገባ ስለሆነ ሲያረጅ ይላላል፣ አንድ ቀን እሳት ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ላይ ቤንዚን እየረጨ ይወጣል። መንገድ ላይ ከተቃጠሉት ቮልሶች ብዙዎቹ በዚህ ነው ያለቁት። ፕላስቲኩን የቤንዚን ፊልትሮም ከሞተሩ በላይ የሚያንጠለጥሉት አሉ፣ ያም እንዲሁ ነው። ከታች፣ ከካምቢዮው በኩል ይግባ።

የካንዴላዎቹን እሳት ማየት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ክፈት፣ እሳቱን የሚያቆራርጠውን የፑንቲና አፍ በቀጭን ሸካራ ወረቀት አሽተህ በንጹሕ ወረቀት ጥረገው። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። አራት አዲስ ካንዴላ ግዛ፣ ርካሽ ነው። የገመዶቹ ቅደም ተከተል 1-4-3-2 ነው፣ ሳትነቅላቸው በስልክህ ፎቶ አንሳ።

የሚነሳበት ቀን ሲደርስ መኪናዋን ከቆርቆሮው ሥር ወደ ሜዳ አውጣት። የጭስ ማውጫ ጋዝ የተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል። የዱቄት እሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይኑር። ካጣህ ደረቅ አሸዋ በባልዲ። ውሃ አታዘጋጅ። የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፣ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ካንዴላዎቹ ወጥተው ሳሉ፣ የቦቢናውን ገመድ ንቀልና በትክክለኛው ባትሪ ሞተሪኖውን አሥር ሰኮንድ አዙር፣ አንድ ደቂቃ አሳርፍ፣ ድገም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዘይት መብራት እስኪጠፋ ድረስ። ካንዴላ ስለሌለ ሞተሩ በቀላሉ ይዞራል፣ ዘይቱም ያለ ጫና ቦታው ይደርሳል። በሲሊንደሩ የቀረው ፈሳሽም በቀዳዳው ይተፋል፣ ፊትህን አርቅ። ካንዴላ ገጥመህ ብታዞረው ኖሮ ያ ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ፒስተኑን የያዘውን ኮኔክቲንግ ሮድ ያጣምመው ነበር። መብራቱ እንቢ ካለ ሞተሩ አይነሳም፣ ምክንያቱ ይፈለጋል።

መብራቱ ከጠፋ ካንዴላ ግጠም፣ ገመዶቹን መልስ፣ ነዳጁን አንዴ እስከ ታች ረግጠህ ልቀቅ፣ አስነሳ። ኤተር የሚባለውን ርጭት ማንም እንዳያመጣብህ። ስትነሳ ትጨሳለች። የረጨኸው ዘይት ነው የሚቃጠለው፣ በ15 እና 20 ደቂቃ ውስጥ መጥፋት አለበት። እስከ መጨረሻ አትርገጣት። ቀዩ የዲናሞ መብራት ቢበራ ወዲያው አጥፋ። በሌላ መኪና «አልሞላም» ማለት ብቻ ነው። በቮልስ ግን ችንጋው ተበጥሷል፣ ማራገቢያው ቆሟል ማለትም ሊሆን ይችላል። 20 ደቂቃ ከሠራች አጥፍተህ ዘይቱን በትኩሱ አፍስሰው።

ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀውን አየር ግፊት) ሊለኩልህ የሚመጡ ይኖራሉ። ቁጥሩን አይተው «ሞተሩ አልቋል» ካሉህ አትመን። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ሳስቷል፣ መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ምጽዋ ላይ 8 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እናንተ ጋ 6 ገደማ ነው የሚያሳየው። የምታየው የአራቱን መቀራረብ ነው። ሦስቱ 6 ሆነው አንዱ 3 ከሆነ ችግር አለ። ያም ቢሆን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ተነድታ እንደገና ይለካ። የተጣበቁ ቀለበቶች ብዙ ጊዜ በሥራ ይለቃሉ።

አሁን ወደማትወደው ነገር። ሞተሩ ነገ ቢነሳ እንኳ ለዘንድሮ ትንሣኤ በዚህች መኪና አዲስ አበባ አትሄድም። ሞተር ቢቆም መንገድ ዳር ትቆማለህ። ፍሬን እንዲያ አይደለም። የ1966 ቮልስ ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ነው። አንዲት ቱቦ ከፈነዳች አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ በ14 ዓመት ውስጥ የፍሬን ሲሊንደሮቹን ከውስጥ አዝጓል። ፔዳሉ ግቢ ውስጥ ስትረግጠው ጠንካራ ሊሆን ይችላል፣ አያታልልህ። ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ፍሬኑ ይግላል፣ እርጥበት የገባበት ዘይት ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ከኋላህ ደግሞ ተሳቢ አለ።

ስለዚህ ዋናው የፍሬን ሲሊንደር፣ በየጎማው ያሉት ሲሊንደሮችና ከጎማ የተሠሩት አራቱ የፍሬን ቱቦዎች ይቀየሩ። እጠበው፣ ጥረገውና መልሰህ ግጠመው የሚልህን አትስማ። እኔ ሌላው ላይ ቆጥብ እላለሁ፣ እዚህ ላይ አልልም። ጎማዎቹም ይቀየሩ፣ ጥርሳቸው አዲስ ቢመስልም። ጎኑ ላይ የታተሙት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፣ አንብበህ ራስህ ፍረድ። ፍሪሲዮኑም ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ፔዳሉን ረግጠህ ማርሽ አልገባ ካለ እሱ ነው። አንዳንዴ ሞተሩ ሲሞቅ ይለቃል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ወር ከተማ ውስጥ ንዳት። ከዚያ እስከ ደምበጫ ሄደህ ተመለስ። ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ቀይረህ ወንፊቱን እንደገና እይ። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከሌለ፣ ቦሎዋን አድሰህ አዲስ አበባን ያኔ አስብ። በመጀመሪያ ማርሽ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ አባይን ትወርዳለህ።

ለትንሣኤ ግን እናትህ ዘንድ በአውቶቡስ ሂድ። ከመሄድህ በፊት አምፖሉን አንብበህ፣ 6 ቮልት ካለ ባትሪውን ይዘህ ወደ ሱቁ ተመለስ። ደረሰኙ ሳይጠፋብህ፣ ባለሱቁም ሳይረሳህ።